ኤአይና ሳይንስ የያዛቸው ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት ከሰፈር ልጆች ጋር ኮዲንግና ኤአይ እንነካካለን። ላፕቶፑ ሦስት ነው፤ ልጆቹ አሥራ አንድ። ጥያቄያቸው ግን ማለቂያ የለውም። ክፍል ውስጥ ያልጨረስነው ማታ ቴሌግራም ላይ ይቀጥላል። አንዳንዴ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዷ እናት ታገኘኝና «ልጄን ምን አስነካኸው?» ትለኛለች። መልሱን በየጊዜው ከምጽፍ አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ጥያቄው ከወንድ ከመጣ አንተ፣ ከሴት ከመጣ አንቺ እላለሁ፤ መልሱ ግን የሁላችሁም ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ቲቸር፣ ኤአይ ስንል በትክክል ምን ማለታችን ነው?»

መሥሪያ ቤት «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ይለዋል። ሰፈር ውስጥ ኤአይ ነው። እኔም እንደ ሰፈሩ እላለሁ።

በተለመደው ፕሮግራም ሕጉን የምትጽፈው አንተ ነህ። «ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነ አታስገባው» ትለዋለህ፤ አያስገባውም። ዛሬ ኤአይ የምንለው አብዛኛው ነገር ግን (የውስጥ ስሙ ማሽን ለርኒንግ ነው) ሕግ አይጻፍለትም። ምሳሌ ይሰጠዋል። አንድ ሺህ የድመት፣ አንድ ሺህ የውሻ ፎቶ ትደረድርለታለህ፤ ልዩነቱን እሱ ይፈልገዋል። «ጆሮው ሹል ከሆነ ድመት ነው» ብለህ ብትጽፍለት ኖሮ የሰፈራችን ውሾች በሙሉ ድመት ይሆኑ ነበር።

ነገሩ ትናንት የመጣ አይደለም። አለን ቱሪንግ «ማሽን ማሰብ ይችላል ወይ?» ብሎ የጻፈው በ1950 ነው። ስሙን ያወጣለት ጆን ማካርቲ ነው፤ በ1956 አሜሪካ ዳርትማውዝ ኮሌጅ ውስጥ ጥቂት ተመራማሪዎች ለሳምንታት ተቀምጠው መከሩበት። ከዚያ ወዲህ ተስፋ ሲጣልበት፣ ተስፋ ሲቆረጥበት ኖረ። ነገሩ የተገለበጠው በ2012 ነው። ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አሌክስ ክሪዠቭስኪ፣ ኢልያ ሱትስኬቨርና መምህራቸው ጄፍሪ ሂንተን ፎቶ የመለየት ውድድር ገቡ። ሁለተኛ የወጣው ቡድን 26 በመቶ ያህል ሲሳሳት የእነሱ ስህተት 15 በመቶ ላይ ቆመ። ያሠለጠኑት በሁለት የጌም ግራፊክስ ካርድ ነበር። ይቺን የካርድ ነገር ሳነሳ ጌም የሚወዱት ልጆቼ በክርን ይጎሻሸማሉ።

«ላፕቶፕ የለኝም። በስልክ መጀመር እችላለሁ?»

ትችያለሽ። ይከብድሻል፣ ግን ትችያለሽ። ጉግል ኮላብ የሚባል አለ፤ በብራውዘር ይከፈታል። ኮዱ የሚሮጠው ስልክሽ ላይ ሳይሆን ጉግል ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ገደብ ቢኖረውም ነፃ ነው። ስለዚህ ስልክሽ ማርጀቱ ለስሌቱ ምንም አያመጣም። የሚያስቸግረው ስክሪኑ ነው። ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ በመስመሩ መጀመሪያ ያለው ባዶ ቦታ ትርጉም አለው። በአውራ ጣት ስትጽፊ አንዷ ባዶ ቦታ ትዘለልና ግማሽ ሰዓት ስትፈልጊያት ትቆያለሽ። ከቻልሽ የብሉቱዝ ኪቦርድ ከሰው ተዋሺ።

ከልጆቼ አንዷ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት በስልክ ብቻ ነው የሠራችው። ኮዱን መጀመሪያ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ትጽፋለች፤ በጣቷ እየተከተለች አንድ በአንድ ታነበዋለች፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ትገለብጠዋለች። ላፕቶፕ የያዙት ይስቁባት ነበር። አሁን ስህተቱ የት እንዳለ ሲጠፋቸው የሚጠሩት እሷን ነው።

«መብራት ሲጠፋስ? ዳታ ሲያልቅስ?»

ኢንተርኔት የማይፈልግ ሥራ ሁሌም አዘጋጅተህ ያዝ። ፓይድሮይድ የሚባል አፕ አንድሮይድ ላይ ይጫናል፤ አንዴ ከጫንከው ያለ ዳታ ፓይተን ያስኬዳል። ትምህርቱን ከቪዲዮ ይልቅ በፒዲኤፍ አስቀምጥ። ቪዲዮ ዳታ ይበላል፤ ደግሞ ያስተኛል። ኮላብ ላይ ረጅም ሥልጠና ካስጀመርክ በየመሀሉ ሴቭ የሚያደርግ መስመር ጨምርበት። እኔ ይቺን የተማርኩት ሦስት ሰዓት የሮጠ ሥራ ሊያልቅ ሲል መብራት ሄዶብኝ ነው። ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ያን ማታ ሻማ አብርቼ ዕቃ አጠብኩ።

«ሒሳብ አልወድም። ያለ ሒሳብ አይሆንም?»

ለመጠቀም ይሆናል። ለመሥራት አይሆንም። ግን የሚያስፈልገው ሒሳብ አብዛኛው እጅህ ላይ ያለ ነው፤ ማትሪክስ፣ ፕሮባቢሊቲ፣ ዴሪቬቲቭ። ሁሉንም ለፈተና ብለህ ሸምድደሃቸዋል። ለምን እንደሚጠቅሙ ግን ማንም አልነገረህም።

እናትህ ሽሮ ስትሠራ ቆመህ አይተህ ታውቃለህ? ሽሮውን ትበትናለች፣ ታማስላለች፣ ታየዋለች። ቀጠነ፤ ሽሮ ትጨምራለች። ወፈረ፤ ውኃ ጠብ ታደርጋለች። መጀመሪያ በጭልፋ፣ ከዚያ በማንኪያ፣ መጨረሻ ላይ በቁንጥር። ኒውራል ኔትወርክም (ዛሬ ኤአይ የምንለው አብዛኛው የቆመበት፣ በቁጥሮች የተሞላ የስሌት መረብ) የሚማረው እንዲሁ ነው። ይገምታል። ግምቱ ከትክክለኛው መልስ ምን ያህል እንደራቀ ይለካል፤ ይቺ ርቀት ሎስ ትባላለች። ከዚያ ውስጡ ያሉትን ቁጥሮች ርቀቱ ወደሚያንስበት አቅጣጫ ትንሽ ትንሽ ይነካካቸዋል። አቅጣጫው የት እንደሆነ የሚነግረው ያ ያስጠላህ ዴሪቬቲቭ ነው።

በአንድ ጊዜ የሚነካካበት መጠን ለርኒንግ ሬት ይባላል። እኔ ሽሮ ስሠራ ለርኒንግ ሬቴ ትልቅ ነው። ቀጠነ ብዬ ግማሽ ኩባያ ሽሮ እደፋበታለሁ፤ ገንፎ ይሆናል። ውኃ እገለብጥበታለሁ፤ መረቅ ይሆናል። ድስቱ ይሞላል፣ ሽሮ ግን የለም። ኮምፒውተር ላይም ሎሱ ወደ ላይ ወደ ታች ሲዘል ካየህ መጠኑን ቀንስ።

ድስቱ ላይ የሚነካካው ሁለት ሦስት ነገር ነው። ትልልቆቹ ሞዴሎች (የሠለጠኑት ኔትወርኮች) ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ግን በቢሊዮን ይቆጠራሉ። ማትሪክስ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፤ ያን ሁሉ ቁጥር በአንዴ ማባዣ ዘዴ ነው። «ሒሳቡን ጨርሼ እጀምራለሁ» ያለ ልጅ ሲጀምር አላየሁም። ፕሮጀክት ያዝ፤ ሒሳቡ ሲያስፈልግህ ደብተርህን ትገልጣለህ።

«የመጀመሪያ ፕሮጀክቴ ምን ይሁን?»

«እንደ ቻትጂፒቲ ያለ እሠራለሁ» የሚል ልጅ በየወሩ ይመጣል። እሰየው። ግን መጀመሪያ ከቤትህ የሚገኝ ነገር ያዝ። የእኛን ላውራህ።

ነጭ፣ ሰርገኛና ቀይ ጤፍ በፎቶ የሚለይ ነገር እንሥራ ተባባልን። ልጆቹ ከየቤታቸው አንዳንድ ኩባያ ይዘው መጡ። ሰፌድ ላይ በትነን እያንዳንዱን 100 ጊዜ በስልክ አነሳነው። ቲቸብል ማሽን የሚባል የጉግል ገጽ አለ፤ ያለ ኮድ ያሠለጥናል። እሱ ላይ ጫንነውና ፎቶዎቹን መልሰን አሳየነው። አንድም አልሳተም! ጭብጨባ ሆነ። አንዱ ልጅ እዚያው ለእናቱ ደወለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዷ አዲስ ቀይ ጤፍ ይዛ መጣች። መስኮቱ ሥር አስቀምጣ አነሳችው። «ነጭ» አለ። ዞር አድርጋ ደገመችው። «ነጭ»፣ ያውም 98 በመቶ እርግጠኛ ሆኖ። ቀይ ጤፍ በዓይናችን እያየን! ስልኩ ነው፣ ጤፉ ነው፣ ኢንተርኔቱ ነው እያልን አንድ ሰዓት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ፎቶዎቹን በሙሉ ላፕቶፕ ላይ ዘርግተን አየናቸው። ነጩን መጀመሪያ ነበር ያነሳነው፤ ፀሐይ በመስኮት እየገባች። ቀዩን ያነሳነው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሊመሽ ሲል፣ በአምፖል። ሞዴሉ ጤፉን ትቶ ብርሃኑን ተምሮ ቁጭ ብሏል።

ታዲያ የመጀመሪያ ቀን ለምን ልክ ሆነ? የፈተንነው በተማረበት በዚያው ፎቶ ስለነበር ነዋ። ጥያቄውን ከነመልሱ ሰጥቶ «ጎበዝ» እንደማለት ነው። የመፈተኛ ፎቶ ከመጀመሪያው ለብቻው ይቀመጣል። ሌላ ቀን፣ ሌላ ሰው፣ በሌላ ስልክ ያነሳው ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

ሦስቱንም ጤፍ በየብርሃኑ እንደገና አነሳን፤ በጠዋት፣ በጥላ፣ በአምፖል። ውጤቱ ወረደ። መቶ በመቶው ቀረ። ሰርገኛውንና ቀዩን አሁንም ያምታታል። ሰርገኛ ራሱ የነጭና የቀይ ቅልቅል ነው፤ ምን ያድርግ? ልጆቹ በወረደው ቁጥር አኮረፉ። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጭብጨባ ይልቅ ይህን ቁጥር አምነዋለሁ።

ጤፍ ካልሳበህ ሌላ ሞልቷል። ጤነኛና የታመመ የቡና ቅጠል፣ የአሮጌና የአዲስ ብር ኖት፣ የሰፈርህ ወፎች ድምፅ። ዳታውን ግን በገዛ እጅህ ሰብስብ። ተዘጋጅቶ ከወረደ ዳታ ስለ ብርሃን ነገር ለማወቅ ዓመት ይፈጅብህ ነበር።

«ኤአይ አማርኛ ላይ ለምን ይቀባጥራል?»

የምወደው ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

የመጀመሪያው ምክንያት ምግብ ነው። ሞዴል የሚያድገው በጽሑፍና በድምፅ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ እንግሊዝኛ ሞልቶ አማርኛ ጠብታ ነው። ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቹ በ2005 ይፋ ያደረጉት የአማርኛ ድምፅ ስብስብ 20 ሰዓት ያህል ነበር። ተመራማሪዎች ለዓመታት በእሱ ሠርተዋል። በ2022 የወጣው ዊስፐር የተባለው ድምፅ ወደ ጽሑፍ ቀያሪ ግን ከብዙ ቋንቋ በተሰበሰበ 680 ሺህ ሰዓት ድምፅ ነው የሠለጠነው። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው።

ሁለተኛው ፊደላችን ነው። «ፀሐይ» ብለሽ ጻፊ። መጀመሪያ ያለው ፊደል ፀም ጸም ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ያለው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሲባዛ በስድስት፣ 12 ዓይነት ፀሐይ። እኛ ሁሉንም ፀሐይ ብለን እናነባለን። ለኮምፒውተሩ ግን 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ አማርኛ ላይ የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ሞክሼዎቹን ወደ አንድ መጠቅለል ነው። የእኔ ልጆች ይህን በአሥር መስመር ፓይተን ይሠሩታል። አንድ የግዕዝ መምህር ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ተቀየረ፤ ሠዓሊና ሰአሊ በግዕዝ አንድ አይደሉም፣ አንዱ ሥዕል የሚሥል ሌላው የሚለምን ነው አሉኝ። እውነት አላቸው። ስለዚህ ለማሽኑ ስትጠቀልዪ ዋናውን ጽሑፍ እንዳታጠፊው።

ሌላም አለ። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል የሚይዘው አንድ ባይት (አንድ የማስቀመጫ ቦታ) ነው። አንድ የእኛ ፊደል ሦስት ይይዛል። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ቻትቦቶች ጽሑፉን ቆራርጠው ነው የሚያነቡት፤ አማርኛውን በትንንሹ ይሰባብሩታል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ብዙ ቦታ ይፈጃል። በቁርጥራጭ ለሚያስከፍሉት ደግሞ ሒሳቡ ይወደዳል።

ከዚያ ቃላችን መጣ። «ስላልተሰበረብን» የምትለዋን እያት። ምክንያቱ እዚያው አለ፣ አሉታው እዚያው አለ፣ መሰበሩ አለ፣ ማን ላይ እንደሆነም አለ። አንድ ቃል! ሥሩ ስ-ብ-ር ብቻ ነው፤ ከእሱ ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባበረ፣ አሰባበር፣ ስብራት፣ መስበሪያ ይወጣሉ። ሞዴሉ እያንዳንዱን እንደ አዲስ ቃል ከቆጠረ በጥቂት ጽሑፍ መቼም አይጠግብም። ማይክል ጋሰር የተባሉ ተመራማሪ ሆርንሞርፎ የሚባል ፕሮግራም ሠርተዋል፤ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ቃላትን ወደ ሥሮቻቸው ይፈታል። ፈልጊና የራስሽን ስም ሳይሆን ግሥ ስጪው፤ ደስ ይላል።

ማጥበቅና ማላላት ደግሞ አይጻፍም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው። «ዋና» ሲላላ ወንዝ ያስገባሻል፣ ሲጠብቅ አለቃ ያደርግሻል። አማርኛ የሚያነብ ድምፅ ሲሠራ ማሽኑ ይህን ከዐውዱ መገመት አለበት። ሲስት ትሰሚዋለሽ፤ «የዋና መሥሪያ ቤት» ሲል መዋኛ ገንዳ ያለው ቢሮ ይመስላል።

መግቢያው በርም ይኸው ነው። የእንግሊዝኛውን ሥራ ሚሊዮን ሰው ተሻምቶበታል። የአማርኛው ገና ነው (ሲላላ)። ማሳካኔ የሚባል በአፍሪካ ቋንቋዎች ላይ የሚሠራ የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ አለ። በ2021 በአሥር የአፍሪካ ቋንቋዎች የሰውና የቦታ ስም የሚለይ ዳታ አውጥቷል፤ አማርኛም አለበት። ተማሪዎችም ተሳትፈው የሚያውቁበት ዓይነት ሥራ ነው፤ አረፍተ ነገር አንብቦ «ይሄ የሰው ስም ነው፣ ይሄ የከተማ ነው» ማለት። «አዳማ» የሰው ስምም ከሆነስ? «ዓለም» ስትል ሴትዮዋ ናት ወይስ ምድር? እዚያ ላይ ከአሜሪካ የመጣ ሊቅ አይረዳሽም።

«የቤት ሥራዬን ቢሠራልኝ ምን አለበት?»

ከሠራልህ የተማረው እሱ ነው። ደግሞ እሱ አልጎደለበትም።

እኔ የምፈቅደው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ራስህ ሞክር፣ ከዚያ «የት ጋ ተሳሳትኩ?» ብለህ ጠይቀው። የነገረህንም አጣራ። ቻትቦት እውነቱን ከመዝገብ እያወጣ አይደለም የሚያወራህ። ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል እየገመተ ነው። አንድ ቀን አንዱን ቻትቦት ስለ ትዕግሥት አምስት የአማርኛ ተረትና ምሳሌ ጠየቅኩት። ሁለቱ የታወቁ ናቸው። ሦስቱን እናቴም አክስቴም ሰምተው አያውቁም። ቤት ይመታሉ፣ ትርጉም የላቸውም። እናቴ አንዱን ወዳዋለች፤ አሁን ትተርትበታለች።

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው»

የኮድ እንግሊዝኛ ሁለት መቶ ቃል ቢሆን ነው። ስህተት ሲመጣ የሚወጣውን ቀይ ጽሑፍ አትዝለይው። የመጨረሻውን መስመር አንብቢ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ነው።

«ባዮሎጂ ነው የምወደው። ትቼው ኤአይ ልግባ?»

ኧረ እንዳትተይው!

የ2024ን ኖቤል እዪ። የፊዚክሱን በኒውራል ኔትወርክ ሥራቸው የወሰዱት ጆን ሆፕፊልድና ያ ቅድም ያነሳሁት ጄፍሪ ሂንተን ናቸው። የኬሚስትሪው ለዴቪድ ቤከር፣ ለዴሚስ ሃሳቢስና ለጆን ጃምፐር ተሰጠ። ሃሳቢስና ጃምፐር አልፋፎልድ በሚባል ኤአይ የፕሮቲንን ቅርጽ ከተሠራበት የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ተነስተው መተንበይ ቻሉ። አንድ ፕሮቲን ቅርጹ እስኪታወቅ ዓመታት ሊፈጅ የሚችል ሥራ ነበር። በ2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ ቅርጾችን ለሁሉም ክፍት አደረጉ። ይህ እንዲሆን ግን ባዮሎጂስቶች ለሃምሳ ዓመት በላቦራቶሪ አንድ በአንድ ያወጧቸው ቅርጾች ነበሩ። ኤአዩ የተማረው ከእነሱ ደብተር ነው።

ከዚህ ደግሞ የምወደው የኢትዮጵያዊው ተመራማሪ የአክሊሉ ለማ ታሪክ ነው። በ1964 አድዋ፣ ወንዝ ዳር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። አክሊሉ ከማጠቢያው በታች በኩል ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። ከላይ በኩል ያሉት ሕያው ናቸው። ያ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ነው። ልብስ የሚያጥብ ሰው ወንዙን ዘወትር ያያል፤ «ለምን ከታች ብቻ ሞቱ?» ብሎ ናሙና የያዘው ግን እሱ ነው። ከዚያ ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት ሠሩበት፤ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አብረው ወሰዱ። ዛሬ ቢሆን ፎቶ አንስተሽ ኤአይ የሞቱትን እንዲቆጥርልሽ ታደርጊ ነበር። ወንዙ ዳር መቆም ግን የአንቺ ድርሻ ነው። ገቢሳ ኤጀታም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራን (የሰብሉን ሥር የሚመጥ አረም) የሚቋቋም ማሽላ አዳቅለው ነው። ያደጉትም ገጠር ውስጥ ነው።

ስለዚህ ባዮሎጂሽን ያዢ፣ ፓይተን ጨምሪበት። ፊዚክስም፣ ጂኦሎጂም፣ ግብርናም ለሚወድ መልሴ ይኸው ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2019 ያመጠቀቻት የመጀመሪያ ሳተላይት የተሠራችው መሬትን፣ ሰብልንና ውኃን ከላይ ለማየት ነው። ያን ምስል የሚያነብ ሰው ደግሞ ኮድም አፈርም ማወቅ አለበት።

«ከእኛ ሰው በዚህ ሙያ የገነነ አለ?»

ሁለቱን ልጥቀስ። ትምኒት ገብሩ ከኤርትራውያን ወላጆች አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የገበያ ሶፍትዌሮችን ፈተኑ። ቆዳቸው ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ትልቁ ስህተት 0.8 በመቶ ነበር። ጠይም ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። የጤፋችን ታሪክ ትዝ አላችሁ? ማሽኑ ያላየውን አያውቅም። እዚህ ግን የተሳተው ሰው ነው።

ረድኤት አበበም የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ሃርቫርድ ሒሳብ ተምራ፣ ዶክትሬቷን በ2019 ከኮርኔል ይዛ፣ በካሊፎርኒያ በርክሊ መምህርት ሆነች። ስልተ ቀመርን (አልጎሪዝምን) ከድህነትና ከእኩልነት ጥያቄ ጋር ታገናኛለች። ሁለቱ በ2017 ብላክ ኢን ኤአይ የሚባለውን ስብስብ አብረው መሠረቱ።

አንድ የምቆጭበትን ልንገራችሁ። አይሲኤልአር የሚባለው ትልቅ የኤአይ ጉባኤ በሚያዝያ 2020 አዲስ አበባ ሊደረግ ነበር። የአፍሪካ ተመራማሪዎች ሌላ ቦታ ሲደረግ ቪዛ እየተከለከሉ ይቀሩ ስለነበር ጉባኤው ራሱ ወደዚህ ይምጣ ተብሎ ነው። ኮሮና መጣና በኦንላይን ሆነ። ቦሌ ሊወርዱ የነበሩት ሰዎች በስክሪን ቀሩ።

«አገር ውስጥ የት ልማር? ሰርተፍኬትስ ይጠቅማል?»

የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት በ2020 በማዕከልነት የተቋቋመ ነው፤ ለታዳጊዎች የክረምት ሥልጠና ያዘጋጃል። አይኮግ ላብስ የሚባለው የኤአይ ኩባንያ ከ2013 ጀምሮ አለ፤ በ2018 አዲስ አበባ የመጣችው ሶፊያ የተባለችው ሮቦት ሶፍትዌር ላይ የእነሱ እጅ አለበት። በ2024 ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በኦንላይን ነው፣ ነፃ ነው፣ የኤአይ መግቢያም አለው። ከእሱ ጀምር።

ሰርተፍኬት መጥፎ አይደለም። ግን 14 ሰርተፍኬት ኖሮት አንድ የሠራውን ነገር ማሳየት ያልቻለ ልጅ አውቃለሁ። እኔ ሰው ስመርጥ የማየው የተሠራውን ነው፤ ቢበላሽም።

«ኤአይ ሥራችንን አይወስድም ወይ?»

አንዳንዱን ይወስዳል። የትኛውን ብለህ ከምትጨነቅ የሚሠራውን ነገር ውስጡን ከፍተህ እይ።

«ልጄ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተተክሎ ይውላል። ኤአይ እየተማርኩ ነው ይለኛል። እውነቱን ነው?»

እናቴ፣ እሱን ለማወቅ ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግዎትም። «ምን ሠራህ? አሳየኝ» ይበሉት። እየተማረ ከሆነ ያሳይዎታል፤ እንዲያውም አላስቆም ይልዎታል፣ ወጡ ያርብዎታል። ዓይኑን ካሸሸ ቲክቶክ ላይ ነው።

ቢቻል ስልኩን ሳሎን ይጠቀምበት። ሌሊት ቻርጀሩ ከእርስዎ ክፍል ይሁን። የቤተሰብ ፎቶና መታወቂያ የትም ቻትቦት ላይ እንዳይጭን ይንገሩት፤ እሱንም ቢሆን እኛ ክፍል ውስጥ ነግረነዋል። ትምህርቱ ከወረደ ለእኔ ይደውሉልኝ፤ ላፕቶፕ አላስነካውም።

አንድ ነገር ግን ልለምንዎት። ሰፌድ አውርዶ ጤፍ በትኖ በስልክ ፎቶ ሲያነሳ ካዩት አይቆጡት። ሲጨርስ ነጩን ከቀዩ ሳይደባልቅ ወደየዕቃው ይመልስ።